የዘማቹ ማኅደር

በባሕር ዳር ከተማ፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ፔዳ» እያለ በሚጠራው በቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ግቢ አጠገብ፣ ከተማሪ ማስታወሻና ከመመረቂያ ጽሑፍ በቀር ሌላ ሥራ ያላቸው በማይመስሉት የፎቶ ኮፒ ሱቆች ውስጥ ጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው፣ አልፎ አልፎ ከዚህ ሁሉ የተለየ ወረቀት ወደ መስተዋቱ ሲቀርብ ያያል፤ ይኸውም በአራት ታጥፎ ከመኖሩ የተነሣ በእጥፋቱ ላይ የሳሳ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ፣ የታይፑ ፊደል ደብዝዞ ክብ ማኅተሙ ብቻ ወይን ጠጅ መልኩን ያልለቀቀ የአንድ ወታደር የምስክር ወረቀት ነው። «እህቴ፣ ቀስ ብለሽ ገልጪው፤ የአያቴ ነው» ይላል ያመጣው ወጣት። ወረቀቱ አያትየው ባሕር ተሻግረው መዝመታቸውን ይመሰክራል፤ የአገልግሎት ማኅደራቸው ግን ስለዚሁ ዘመቻ ዝም ይላል፤ ወይም ዘመቻውን አንሥቶ ሜዳልያውን ይዘለዋል፤ ወይም ሁለቱንም ይዞ በስሙ ላይ ይሳሳታል። ይህ ይታረምልን የሚለው ጥያቄ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው እየተላለፈ የቆየ በመሆኑ፣ አመጣጡን ከሥሩ መመርመር ይገባል።

ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ በተሻገረ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ቆመው ስለ አገራቸው አቤት ብለው ረዳት ያላገኙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ የተነፈገው የጋራ ደኅንነት መርሕ አሁን ለሌላው ሲሠራ አገራቸው ከዳር ቆማ እንዳታይ ስለ ፈለጉ፣ ከክቡር ዘበኛ የተመረጠ ጦር እንዲዘምት ፈቀዱ። በራስ መኰንን የጦር ፈረስ ስም «ቃኘው» የተባለው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ደረሰና ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰለፈ። የዘመቻውን ጦር በበላይነት ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ሲመሩት፣ የመጀመሪያውን ሻለቃ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ አዘዙ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. የተኩስ ማቆሙ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የዘመቱት 3,518፣ የሞቱት 122፣ የቆሰሉት 536 መሆናቸው በብዛት ይጠቀሳል፤ አንድም ኢትዮጵያዊ እንዳልተማረከ ደግሞ ወዳጅም ባዕድም የመሰከረው ነው። የአሜሪካው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል ስለ ፖርክ ቾፕ ኮረብታ በጻፈው መጽሐፍ ለቃኘው ሰዎች የሰጠው ስፍራ ሰፊ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ እስከ አንድ ቤት ድረስ ሲታወቅ ስሙ እንደ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ማኅደር አለመገኘቱ የሚያስገርም ነው። የሞቱት ከዚህ ይሻላሉ ማለት ይቻላል፤ በፑሳን ከተቀበሩበት የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ዐፅማቸው ፈልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏልና፣ ምድባቸው ከማኅበረ ሰማዕታት ጋር ሆኖ ጠያቂ አያስፈልጋቸውም። ችግሩ ያለው ከሕያዋኑ ዘንድ ነው።

ወታደር ሲዘምት ስሙ በአንድ መዝገብ ብቻ አይጻፍም፤ በክፍሉ የስም ዝርዝር ይጻፋል፣ በደመወዝ መዝገብ ይጻፋል፣ የተሾመና የተሸለመ እንደ ሆነ በዕለት ትእዛዝ ይጠራል፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ተጠቃሎ ወደ ግል ማኅደሩ መግባት አለበት። ሕጸጹ የሚበዛው በዚህ በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ተጽፎ ሳለ፣ ከዝርዝሩ ወደ ማኅደሩ የሚያሻግረው ጸሐፊ ሥራውን ካልፈጸመ፣ ዘመቻው በክፍሉ ታሪክ ውስጥ ይኖራል፣ በሰውየው ታሪክ ውስጥ ግን አይኖርም። ሜዳልያውም ይህን ጉድለት አይሞላውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ያቋቋመው የኮሪያ ሜዳልያ፣ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው፣ ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸ፣ ለዐይን ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን እንደ ካናዳ ያሉ መንግሥታት በራሳቸው ፈቃድ የተሸላሚውን ስም በጠርዙ ካላስቀረጹ በቀር፣ የማን እንደ ሆነ ሜዳልያው ራሱ አይናገርም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለቃኘው ሻለቃ የሰጠው የክብር ምስክርነትም ለክፍሉ እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው የተጻፈ አይደለም። ስም የሚጠራው፣ አሜሪካኖች ለግለሰብ ጀግንነት በሸለሙ ጊዜ ያወጡት አጠቃላይ ትእዛዝ ነው፤ ይህም በዚያው አገር ቤተ መዛግብት ይገኛል። ስለዚህ «ብር ኮከብ» የተባለውን የአሜሪካ የጀግንነት ሜዳልያ የተሸለመው ማስረጃ ሲያገኝ፣ ከጎኑ በአንድ ጉድጓድ የተዋጋው ባለ ተራ ሜዳልያ አያገኝም።

ይሁን እንጂ የጸሐፊ ቸልታ ብቻውን ይህን ሁሉ አያደርስም። የነገሩ ሥር፣ ያው አንዱ አገልግሎት በየመዋዕሉ ሌላ ትርጉም እየተሰጠው መምጣቱ ነው። ቃኘው የወጣበት ክቡር ዘበኛ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በአዛዡ በብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሣ፤ ቃኘውን በማደራጀት የደከሙት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በዚያው ግርግር በቤተ መንግሥት ከተገደሉት አንዱ ሆኑ፤ ሙከራው ከከሸፈ በኋላም ከክፍሉ ሰዎች ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ተሰናበቱ፣ ወደ ሌላ ክፍል ተበተኑ። ክፍል ሲበተን ማኅደር ባለቤት ያጣል። ዐሥራ አራት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ዘውዱ ወደቀና፣ ኮሪያን ከዚያም ኮንጎን ያዩት ከበደ ገብሬ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለ ሥልጣናት ጋር ተቆጠሩ። አዲሱ መንግሥት ከፒዮንግያንግ ጋር ወዳጅነት በመመሥረቱ፣ በደቡብ ኮሪያ ወገን ተሰልፎ መዋጋት ትናንት የሚያስመሰግን፣ ዛሬ የሚያሳስብ ታሪክ ሆነ፤ ሜዳልያውን ከሣጥን ሥር ያኖረ ሰው ማኅደሬን አርሙልኝ ብሎ ወደ ቢሮ ሊሄድ አይችልም ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ይህም መንግሥት ወደቀና ታላቁ ሠራዊቱ በሙሉ ፈረሰ። የአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ጊዜ የተቋረጠ መዝገብ ያየበት አገር ነው፤ በጤናማ ዘመን በአንድ ደብዳቤ ያልቅ የነበረው እርማትም እየከበደ የሄደው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከ1983 ወዲህ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ቆመ፤ ሴኡልም ውለታውን አልረሳችምና፣ ለዘማቾቹ ድጎማ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል፣ «የሰላም አምባሳደር» የሚል ሜዳልያ ሰጠች። ከዚህ በፊት በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በተገኙበት በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞ ነበር። መልካም ነው። ነገር ግን ስጦታ ያለበት ቦታ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ስለዚህ በመሳቢያ ሞልቶ የኖረው ወረቀት ሁሉ ወጣና ጥያቄው ጎልቶ ተሰማ። በአንጻሩ የኮንጎን ዘማች የሚጠይቀው የለም። በሐምሌ 1952 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጥሪ ሲደርስ፣ በንጉሠ ነገሥቱ የፈረስ ስም የተጠራው የጠቅል ብርጌድ ወደ ስታንሊቪል ሄደ፤ የአየር ኃይላችንም ኤፍ 86 ተዋጊ አውሮፕላኖቹን ይዞ ተከተለ፤ ከሚያዝያ 1954 እስከ ሐምሌ 1955 ዓ.ም. የዚያን የብዙ አገር ጦር በሙሉ ያዘዙት ከላይ የተጠቀሱት ከበደ ገብሬ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ኮንጎ እንደ ኮሪያ ባለጸጋ ሆና ባለውለታዎቼ የት አሉ ስላላለች፣ የእነዚህ ሰዎች መዝገብ የሚነሣበት ምክንያት አልተገኘም። የራሳችንን ወታደር ማንነት ለመመርመር የባዕድ ልግስና መጠበቃችን፣ በበኩሌ፣ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሚያሳፍሩት ነገሮች የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ማስረጃውን በውጭ አገር መዝገብ ለመፈለግ የሞከረ ሰው ደግሞ በስምና በዘመን ይሰናከላል። በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በሰባት ሆሄ የጻፈውን ስም ሌላው በአምስት ይጽፈዋል፤ ባዕዱ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚቆጥር የአንድ አባት ስም ያላቸው ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ወንድማማች ይሆናሉ፤ በአያቱ ቤት ያደገው ሲቀጠር የአያቱን ስም እንደ አባት አስመዝግቦ ይሆናል፤ ካህኑ በሞቱ ጊዜ የሚጠሩት ስመ ጥምቀት ደግሞ ከሁሉም ልዩ ነው። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በእኛ 1943 ዓ.ም. የዘመተው ሰው ወረቀቱ ሳይመነዘር ተተርጉሞ ቢቀርብ፣ የውጭው መርማሪ በ1943 የኮሪያ ጦርነት እንዳልተጀመረ ያውቃልና ሐሰተኛ ነው ይላል፤ በ1953 ዓ.ም. ኮንጎ የነበረውም በዚያው መንገድ የኮሪያ ዘማች ሆኖ ይገኛል፤ በአውሮፓ 1953 የኮሪያው ጦርነት ያበቃበት ዓመት ነውና። እውነተኛው ሰው በገዛ እውነተኛ ወረቀቱ የሚፈረድበት በዚህ ዐይነት ነው።

ሌሎችስ እንዴት አደረጉ ቢባል፣ አሜሪካን ማየት ይበቃል። ሐምሌ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው የወታደር ማኅደር ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር ጠፋ፤ ከ1905 እስከ 1952 ዓ.ም. ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር ውስጥ ከመቶ ሰማንያው እጅ ዐመድ ሆነ። ቅጂ አልነበረውም። ሆኖም የመዝገብ ቤቱ ሰዎች ማኅደር የሌለው ሰው አላገለገለም አላሉም፤ ከመጨረሻ የደመወዝ ሰነድ፣ ከየክፍሉ የማለዳ ሪፖርት፣ ከሆስፒታል ዝርዝር እየለቀሙ የአገልግሎቱን ታሪክ መልሰው መገንባት ያዙ። ከዚህም ሌላ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ ስሕተትን ብቻ ሳይሆን በደልንም እንዲያርም ሥልጣን ያለው የሲቪሎች ቦርድ አላቸው፤ ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት ግዴታ ቢሆንም፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝ ቦርዱ ይህን ገደብ ያነሣል። ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ማኅደር ሲጎድል ከሌላ መዝገብ ፈልጎ መሙላት የመዝጋቢው ግዴታ እንጂ የዘማቹ ዕዳ አለመሆኑ ነው።

ይህ አሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጣና ደሴቶች ያሉትን ጨምሮ በጥንታውያን ገዳማትና አድባራት፣ ንጉሥ ርስት ወይም ጉልት ሲሰጥ ስጦታው በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ከነምስክሮቹ ስምና ከነውግዘቱ ይጻፍ ነበር፤ የሰጪው ዙፋን ቢወድቅ፣ የተሰጠው ሰው ቢሞት፣ ቃሉ ከሁለቱም ተለይቶ እንዲኖር ነው። ወራሹ መጥቶ የአባቴን መሬት ባለ ጊዜ መምህሩ ወንጌሉን ያወጣሉ እንጂ አንተ አምጣ አይሉትም። በአሁኑ አሠራር ግን ሽማግሌው ራሱ ምስክር ቆጥሮ፣ ማመልከቻ አጽፎ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ተመላልሶ፣ መንግሥት ራሱ አዝዞ ያዘመተውን ዘመቻ ለመንግሥት እንዲያስረዳ ይጠበቃል። ምስክር አምጣ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል፤ በ1943 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዘማች ከዘጠናው ዓመት አልፏልና፣ ከጎኑ የቆመ ጓደኛ ማግኘት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ሆኗል። ስለ ጡረታ በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714፣ በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ የሠራዊቱን አባላት አገልግሎት ይመለከት ነበር፤ አገልግሎት የሚቆጠረው ግን በማኅደር ባለው ማስረጃ ስለሆነ፣ ሕጉ ቸር ቢሆን እንኳ ከመዝገቡ ሊያልፍ አይችልም።

እንግዲህ እርማቱ ከግለሰብ አቤቱታ ሳይሆን ከክፍሉ ዝርዝር ቢጀመር ይቀላል፤ የሻለቆቹን የስም ዝርዝር፣ የደመወዝ መዝገቡንና የዕለት ትእዛዙን አሰባስቦ፣ አሜሪካ ካለው የ7ኛው ክፍለ ጦር ሰነድና በኒው ዮርክ ካለው የተባበሩት መንግሥታት ቤተ መዛግብት ጋር አመሳክሮ፣ ስሙን በሁለቱም ፊደል፣ ዘመኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስፍሮ፣ በዝርዝሩ የተገኘ ሰው ሁሉ ያለ ሌላ ምስክር ዘማች ተብሎ እንዲመዘገብ አንድ ጊዜ መወሰን ነው። ማጭበርበር ይመጣል የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፣ ጥቅም ባለበት የሐሰት ልጅ ልጅ አይጠፋምና። ነገር ግን በሐሰት የሚመጣውን የሚያግደው የተሟላ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝር በሌለበት እንደ ፈቃዱ የሚናገር ምስክር መግዛት ይቀላል።

ሥራው ለዛሬው ሠራዊትም ይተርፋል። በሩዋንዳ፣ በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ የተሰለፉት ሴቶችና ወንዶች የተባበሩት መንግሥታትን ሜዳልያ የተቀበሉት እንደ ደንቡ ዘጠና ቀን አገልግለው ነው፤ ሜዳልያው ዛሬም ስም የለበትም፤ ስም የሚቀረጸው በ1989 ዓ.ም. በተቋቋመው በዳግ ሐማርሾልድ ሜዳልያ ላይ ሲሆን እርሱም ለሞቱት ብቻ ይሰጣል። ለእነዚህ የሚሠራው መዝገብ ግን በኮምፒዩተር ዘመን የተጻፈ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። የኮሪያውም ቢሆን የሴኡል ዝርዝር አለው። የሚቀድመው ኮንጎ ነው፤ የጠቅል ብርጌድ ሰዎች ከኮሪያዎቹ በዐሥር ዓመት ገደማ ስለሚያንሱ፣ ቃላቸውን ሰጥተው ስማቸውን በራሳቸው አፍ ሊያርሙ የሚችሉ ዛሬም በየከተማው አሉ።