ጆሮና ጊታር

ጊታር ለመማር ከመምህርና ከመጽሐፍ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም የተቀረጸ ሙዚቃን ደጋግሞ በማዳመጥ እያንዳንዱን ድምፅ ፈልጎ ማግኘት ነው። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንዶች በተስፋፉበት ዘመን ከወጡት ተጫዋቾች መካከል ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ተምረዋል። በአስመራ የነበረው የቃኘው ጦር ሰፈር ራዲዮ የአሜሪካን ዘፈኖች ያሰማ ነበር፤ ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላም የአገር ውስጥ ዘፈን በግል አሳታሚ እየታተመ ይወጣ ጀመር። ሸክላው መምህር ሆነ። ይሁን እንጂ ይህ መምህር ቢጠይቁት አይመልስም፤ የሚያውቀው መድገምን ብቻ ነው።

ተማሪው አስቀድሞ ጊታሩን ያስቀምጥና አንድ አጭር የዜማ ሐረግ መርጦ ራሱ ማንጎራጎር እስኪችል ድረስ ያዳምጣል። በአፍ ያልተያዘ ዜማ በጣት ሲፈለግ ውጤቱ ግምት ብቻ ነው። ቀጥሎ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ ይፈልጋል፤ ሌሎቹንም ከዚያ ማረፊያ ያላቸውን ርቀት እየለካ ያገኛቸዋል። በጊታር አንገት ላይ አንድ ፍሬት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ፍሬት ሲታለፍ ያው ድምፅ በላይኛው ኦክታቭ ይመለሳል።

ድምፁ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ቦታው ይፈለጋል። በቀጭኑ የመጀመሪያ ክር ላይ ያለ ጣት የሚሰማው ሚ፣ በሁለተኛው ክር አምስተኛ ፍሬት፣ በሦስተኛው ክር ዘጠነኛ ፍሬት ላይም ይገኛል። ሦስቱም ከፍታቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ይለያያል፤ ክፍቱ ክር ጥርት ያለ ነው፣ ወፍራሙ ክር ግን ደፈን ይላል። በዚህ ልዩነት ጆሮ የተጫዋቹን እጅ ይከተላል።

ፈጣን ዜማ ሲያጋጥም የቀድሞዎቹ ተማሪዎች በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረውን ሸክላ በ33 ዙር ያጫውቱት ነበር። ፍጥነቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ ነገር ግን ዜማውም ከአምስት ግማሽ ድምፆች ጥቂት በሚበልጥ ዝቅ ስለሚል ተማሪው ያገኘውን መልሶ ከፍ ማድረግ ነበረበት። የዛሬው የእጅ ስልክ ከፍታውን ሳይለውጥ ፍጥነቱን ብቻ ይቀንሳል።

ጆሮ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው በቅኝት ነው። አንድ ተማሪ ከአንድ ዘፈን ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ እና ፋ የተባሉትን አምስት ድምፆች ያለ ስሕተት ለይቶ አወጣ እንበል። ዜማው በላ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ቅኝቱ አነስተኛው ትዝታ ነው፤ በሚ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን እነዚያው አምስት ድምፆች አምባሰል ይሆናሉ። እንግዲህ ድምፆቹን ሁሉ በትክክል አግኝቶ ዘፈኑን መሳት ይቻላል ማለት ነው። እንዲህ የሳተ ተማሪ ዘፋኙን ሲያጅብ በማይገባው ድምፅ ላይ ያርፋል፤ አድማጭም ስሕተቱን በስም መጥራት ባይችል እንኳ ቅር ይለዋል። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ» የሚያዳምጥ ሰው የሰላም ሥዩምን ጊታር ከመኮረጁ በፊት ዘፋኙ የት የት እንደሚያርፍ ቢከታተል ይበጀዋል።

የጊታር ፍሬት የማይደርስበትም ሙዚቃ አለ። በካምፓላ ከናጉሩ ኮረብታ ብዙ በማይርቀው የዩጋንዳ ሙዚየም በኃላፊነት ይሠራ የነበረው ክላውስ ዋክስማን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት አካባቢ የአገሩን ሙዚቃ ቀርጾ መሣሪያዎቹ የተቃኙበትን መጠን ለክቷል። የባጋንዳ ቅኝት ኦክታቩን በግምት እኩል በሆኑ አምስት ደረጃዎች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ወደ ሁለት ግማሽ ድምፅ ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ ናጉሩ ውስጥ ተቀምጦ የአማዲንዳን ዜማ በጊታር የሚፈልግ ወጣት፣ ድምፁ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ ጊዜ በሁለተኛው ፍሬት ላይ የያዘውን ክር በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ድምፁን ጥቂት ከፍ ያደርጋል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ግን ጆሮው ብቻ ነው።