ሊንክዲን ላይቭ

ሊንክዲን ላይቭ የሊንክዲን አባላትና ድርጅቶች የቪዲዮ ቀጥታ ስርጭት የሚያስተላልፉበት አገልግሎት ነው። ሊንክዲን በሥራና በሙያ ግንኙነት ላይ ያተኮረ ማኅበራዊ ድረ-ገጽ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛው።

ታሪክ

ሊንክዲን አባላቱ ቪዲዮ እንዲጭኑ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የቀጥታ ስርጭቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 በአሜሪካ በሙከራ ደረጃ፣ ለተጋበዙ ብቻ ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስብሰባዎችና ሥልጠናዎች በአካል መካሄድ ሲያቆሙ በኢንተርኔት የሚተላለፉ ዝግጅቶች በብዙ አገሮች ተስፋፉ።

አሠራር

በሊንክዲን ለማሰራጨት ብዙውን ጊዜ እንደ ኦቢኤስ ወይም ስትሪምያርድ ያለ ሌላ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩ የካሜራውን ምስልና የማይክራፎኑን ድምፅ ይጨምቅና አርቲኤምፒ በተባለ የመገናኛ ደንብ ወደ ሰርቨር ይልካል። በቀጥታ ስርጭት መድረኮች ላይ ሰርቨሩ ያንኑ ቪዲዮ በተለያየ የጥራት ደረጃ ያዘጋጃል። ስለዚህ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ሰው ጥርት ያለ ምስል ሲያይ፣ ዘገምተኛ ኢንተርኔት ያለው ደግሞ ዝቅ ባለ ጥራት መከታተል ይችላል። ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ምስሉ ለተመልካቹ የሚደርሰው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው።

ጥቅሞች

የቀጥታ ስርጭት ዋና ጥቅም ጥያቄና መልስ ነው። ተመልካቹ በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ተናጋሪው እዚያው ይመልሳል። ተቆርጦ በተዘጋጀ ቪዲዮ ላይ ተናጋሪው ስህተቱን አውጥቶ መጣል ይችላል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ግን ያልታሰበ ጥያቄ ሲመጣ ዕውቀቱ በሰው ፊት ይፈተናል።

ይህ በተለይ ለሥራ ፈላጊዎች ትርጉም አለው። በሲቪው ላይ የታወቀ መሥሪያ ቤት ስም የሌለው አዲስ ተመራቂ፣ ፕሮግራም ሲጽፍና የተፈጠረውን ስህተት ፈልጎ ሲያርም ማሳየት ይችላል። ቀጣሪው የተመራቂውን ውጤት ብቻ ሳይሆን አስተሳሰቡንም ያያል። ለድርጅቶች ደግሞ አዳራሽ ሳይከራዩ ምርት ለማስተዋወቅ፣ ክፍት የሥራ ቦታዎችን ለማስረዳትና ሥልጠና ለመስጠት ይጠቅማል። ስርጭቱ ካለቀ በኋላ ቅጂው በገጹ ላይ ስለሚቆይ በሰዓቱ ያልደረሱም ሊያዩት ይችላሉ።

ሊንክዲን ራሱ ባወጣው መረጃ የቀጥታ ስርጭቶች ከተራ ቪዲዮዎች ይልቅ በአማካይ 24 እጥፍ አስተያየት እንደሚያገኙ ገልጿል። ሆኖም መረጃው የአገልግሎቱ ባለቤት ያወጣው ነው። በቀጥታ የሚያሰራጩት ቀድሞውንም ብዙ ተከታይ ያላቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ልዩነቱ ሁሉ ከስርጭቱ የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

ገደቦች

የመጀመሪያው ገደብ የዳታ ወጪ ነው። በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚልክ ስርጭት በአንድ ሰዓት 1.8 ጊጋ ባይት ዳታ ይጨርሳል፤ ወደ 1 ሜጋ ቢት ዝቅ ቢል 450 ሜጋ ባይት ይሆናል። ለአሰራጩ ወሳኙ ፋይል የማውረጃው ሳይሆን የመጫኛው ፍጥነት ነው፤ በብዙ የኢንተርኔት መስመሮች ላይ ደግሞ የመጫኛው ፍጥነት ያንሳል። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ወይም መብራትና መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖር ባለሙያ ከሌላው እኩል ዕድል አያገኝም። ምስሉን ዝቅ አድርጎ ለድምፁ ቅድሚያ መስጠት ችግሩን በከፊል ያቃልላል። ምስል ቢደበዝዝም ንግግሩን መከታተል ይቻላል፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ተመልካቹ ጥሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ገደብ ጥንቃቄን ይመለከታል። የኮምፒውተር ስክሪን ሲጋራ የይለፍ ቃል፣ የደንበኛ መረጃ ወይም የግል መልእክት ሳይታሰብ ሊታይ ይችላል። ቅጂው ቢሰረዝም ተመልካች ቀድሞ ቀርጾት ሊሆን ይችላል።

የሰዓት ልዩነት

በውጭ አገር የሚኖሩ ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ላሉ ተማሪዎች ሲያሰራጩ የሰዓት ልዩነትን ማስላት አለባቸው። የዋሽንግተን እኩለ ቀን በአዲስ አበባ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በቀሩት ወራት አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። በማስታወቂያው ላይ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆን አለመሆኑ ካልተገለጸ የ6 ሰዓት ስህተት ሊፈጠር ይችላል።