የኮድ ኤዲተር አደረጃጀት ለማይክሮኮንትሮለር ጥናት
በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለ የእንሰት ማሳ የአፈር እርጥበትን የሚመዘግብ የኢኤስፒ32 መሣሪያ ለሚያዘጋጅ የወላይታ ሶዶ ተመራማሪ፣ የኮድ ኤዲተሩ አደረጃጀት የጥናቱ ዘዴ አካል ነው። በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ላይ የሚጫነው ፕላትፎርምአይኦ ኮምፓይለሩንና ላይብረሪዎቹን የሚያወርደው ፕሮጀክቱ ሲፈጠር ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገነባ ነው። በፕሮጀክቱ የማዋቀሪያ ፋይል የስሪት ቁጥር ካልተጠቀሰ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ስሪት ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትናንት የሠራው ኮድ ዛሬ ላይገነባ፣ ወይም የሴንሰሩ ንባብ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የፕላትፎርሙና የየላይብረሪው ስሪት በትክክለኛ ቁጥር ሊወሰን፣ የመጀመሪያው ግንባታ ወደ መስክ ከመወጣቱ በፊት ኢንተርኔት ባለበት ሊጠናቀቅ፣ የማዋቀሪያው ፋይልም ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ሊቀመጥ ይገባል። ይህ ሲሟላ ተከታዩ ተማሪ ሥራውን ደግሞ በመገንባት ውጤቱን ማረጋገጥ ይችላል።