ከግድግዳ የተረፉ ወረቀቶች

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ሞልቷል፤ የጥንት ገንዘብ የሚሰበስብም አይታጣም። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ሕዝቡን ወደ ሥዕል ኤግዚቢሽን ለመጥራት በየግድግዳው ይለጠፍ የነበረውን አሮጌ ማስታወቂያ እያደኑ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ኤግዚቢሽኑ ከተዘጋ፣ ሥዕሎቹም ወደየባለቤቶቻቸው ከተመለሱ በኋላ ይህ ወረቀት ምን ይረባል የሚል አይጠፋም።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ላይ ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒካሶ፣ ማቲስ፣ ሻጋልና ሚሮ ብዙውን ማስታወቂያቸውን ያሳትሙ የነበረው በፓሪስ ከሙሴ ፌርናን ሙርሎ ማተሚያ ቤት ነው። የዚህ ቤት ሙያ ሊቶግራፊ ይባላል። ይኸውም ሠዓሊው በኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይሥላል፤ ድንጋዩ በውሃ ይርሳል፤ ውሃና ቅባትም ስለማይስማሙ የማተሚያውን ቀለም የሚይዘው የተሣለበት ቦታ ብቻ ይሆናል። ፒካሶ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ (ቍጥሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) በዚያ ቤት ከሠራተኞቹ ጋር ይሠራ ነበር። በኋላም ቫሎሪስ በምትባለው የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ሲኖር የከተማይቱን የኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ለወለል ንጣፍ በሚሆነው በሊኖሌዩም ላይ በገዛ እጁ እየቀረጸ አሳትሟል።

ሆኖም የሠዓሊው ስም ያለበት ሁሉ እጁ ያረፈበት አይደለም። በሙርሎ ቤት አንሪ ዴሻን የሚባል ባለሙያ የታላላቆቹን ሥዕል እያየ ወደ ድንጋይ ይገለብጥ ነበር። ይህም ቢሆን የሚናቅ ጥበብ አይደለም። በፎቶግራፍ የተባዛው ግን ሌላ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት እንደ ወታደር የተሰለፉ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ። ከድንጋይ የታተመው እንዲህ ያለ ሰልፍ የለውም። ከወር ደመወዙ ቀንሶ የሚገዛ ወጣት ከሻጩ አንደበት ይልቅ መነጽሩን ቢያምን ይሻለዋል።

በጥር 1949 ዓ.ም. ፒካሶ አንዲት ነጭ ርግብ በሊቶግራፊ ሠራ። ባለቅኔው ሉዊ አራጎን ሥዕሏን ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ማስታወቂያ መረጣት፤ በሚያዝያም ከተማው ላይ ተለጠፈች። በዚያው ወር ፒካሶ ሴት ልጅ ወለደ፤ ስሟንም ፓሎማ አላት፤ በእስፓንኛ ርግብ ማለት ነው። በቍጥር ተለይተው የታተሙት የርግቢቱ ሊቶግራፎች 50 ነበሩ፤ እነዚህ የባለጠጋ ገንዘብ ናቸው። በማስታወቂያው ላይ የወጣችውን ርግብ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ በነፃ አይቷታል።

የሚያሳዝነው ማስታወቂያውን «ንጹሕ ሥዕል» ለማስመሰል ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቆርጠው የሚጥሉ መኖራቸው ነው። የቀረው ወረቀት የት፣ መቼ፣ ለምን እንደ ወጣ መናገር አይችልም። ሌሎችም ዋጋ ለማስወደድ ከሥሩ የሐሰት ፊርማ ይጨምሩበታል። በኔ አስተያየት ጽሑፉ ያልተነካ፣ ፊርማ የሌለው፣ ጀርባውም የግድግዳ ሙጫ የነካው ወረቀት ከሁለቱም ይበልጣል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የሚረክሰው የእሱ ነው።