የአክስቴ ክኒንና የማይገጥመው ክዳን

አክስቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሁለት ዓመት ሆናት። ታሞክሲፌን የሚባለውን ክኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ አምስት ዓመት ሙሉ ትወስጃለሽ ተብላለች። ባለፈው እሁድ ቡና እያፈላች «ዕጢው እንደሆነ ወጥቷል። ታዲያ ይሄ ምን ይሠራልኛል? ባቆመውስ?» አለችኝ። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን «ባቆመውስ» ያለችው አስደነገጠኝና ማታውን ስልኬ ላይ ተተክዬ አነበብኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ኒውክሌር ሪሴፕተር ከሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። ከቦምብ ጋር አይገናኙም፤ ስማቸው የመጣው ከሴል ኒውክለስ ነው። ሰው 48 ዓይነት አለው። ኮርቲሶል፣ ቫይታሚን ዲ፣ ኢስትሮጅን መልእክታቸውን የሚያደርሱት በእነሱ በኩል ነው። አብዛኞቹ አሠራራቸው ይመሳሰላል፦ መሃላቸው ላይ በዚንክ አቶም የተያዙ ሁለት ጣት መሰል እጥፋቶች አሉ፤ ዲኤንኤን የሚጨብጡት በነሱ ነው። ወደ ጫፍ ደግሞ ሆርሞኑ የሚገባበት ኪስ አለ።

እኔን የገረመኝ ኪሱ ነው። ዙሪያውን የሚሠሩት 12 ገደማ ጥምዝ ዘንጎች ሲሆኑ፣ 12ኛው እንደ ድስት ክዳን ነው። ኢስትሮጅን ሲገባ ክዳኑ ግጥም ይላል። ያኔ ላዩ ላይ ለረዳት ፕሮቲኖች ማረፊያ ይፈጠራል፤ እነሱ ሲያርፉ ጂኖች ይነቃሉ፣ እንደ አክስቴ ባለው የካንሰር ዓይነት ደግሞ ሴሉ ይባዛል።

ታሞክሲፌንም እዚያው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ግን ጅራት አለው። ጭልፋ ውስጡ ትታችሁ ድስት ለመክደን ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? በቃ እንደዛ ነው። ክዳኑ መግጠም ሲያቅተው ይንሸራተትና ራሱ የረዳቶቹ ማረፊያ ላይ ይተኛል። ተመራማሪዎች ይህንን በኤክስሬይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከዚያ በፊት ከ20 ዓመት በላይ ሲታዘዝ ነበር!

ጭልፋው ሁሉም ቤት እኩል አይሠራም። ማህፀን ውስጥ ያሉት ረዳቶች ስለሚለያዩ፣ ያው ክኒን እዚያ እንደ ኢስትሮጅን ሊሆን ይችላል። ያልተለመደ ደም ካየሽ ቶሎ ለሐኪም ንገሪ የሚባለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ሄጄ በጭልፋው አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ጭልፋውን ካወጣሁት?» አለች።

ኢስትሮጅን አሁንም በደሟ ይዞራል። ቢላው ያላገኛቸው ሴሎች የሆነ ቦታ ተደብቀው ከሆነስ?

«ክዳኑ ይገጥማል እቴቴ» አልኳት።

ክኒኑን ከቦርሳዋ አወጣችና «በል ውሃ አምጣልኝ» አለችኝ።