ፈረስ ገመዱን በጥሶ ቢያመልጥ ተጠያቂው ማን ነው?

የሲናናና የአካባቢው የፈረስ ባለቤቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግና የጥንቃቄ ጉዳዮች

በባሌ ደጋማ አካባቢዎች ፈረስ የገጠሩንም የከተማውንም ኑሮ ይሸከማል። አርሶ አደሩ ገብሱንና ስንዴውን ወደ ሮቤ ገበያ ያደርስበታል፤ የከተማው ነዋሪ በጋሪ ዕቃውን ያጓጉዝበታል፤ ለሠርግና ለለቅሶም ይጓዙበታል። ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ከለዩአቸው ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ በባሌ ስም የሚጠራ ነው።

ይሁን እንጂ ፈረስ ሀብት የመሆኑን ያህል በባለቤቱ ላይ የሕግ ኃላፊነት ያስከትላል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ኃላፊነት የሚረዱት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሕጉ ምን እንደሚል እና በጥቂት ወጪ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚቻል አስቀድሞ ማሳወቅ ነው።

ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከቁጥጥር አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም። ስለዚህ «ገመዱ ተበጥሶ ነው» ወይም «ሌሊት ስለነበር አላየሁም» የሚለው ምክንያት እውነት ቢሆን እንኳ ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ለምሳሌ አንድ ፈረስ ሌሊት አምልጦ ሮቤንና ጎባን በሚያገናኘው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አስፋልት ላይ ወጣ እንበል። አንድ ሞተር ብስክሌት ከፈረሱ ጋር ቢጋጭና አሽከርካሪው ቢጎዳ፣ የሕክምናውንና የንብረቱን ጉዳት ካሣ ከፈረሱ ባለቤት መጠየቅ ይችላል። አሽከርካሪው ከመጠን በላይ ይፈጥን ከነበረ ወይም መብራት ካልነበረው ደግሞ የራሱ ጥፋት ግምት ውስጥ ይገባና የባለቤቱ ኃላፊነት ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል። እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። ለተሽከርካሪዎች ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሞተር ተሽከርካሪን የሚመለከት ነው። ፈረስና ጋሪ በዚህ መድን ስለማይሸፈኑ ካሣው የሚወጣው ከባለቤቱ ኪስ ነው።

ፈረስን ለሌላ ሰው ማከራየትና ማዋስ

በሮቤና በጎባ ፈረሱ የአንዱ፣ ጋሪውን የሚነዳው ሌላ ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። በአንቀጽ 2072 መሠረት ፈረሱን የተከራየ፣ የተዋሰ ወይም እንዲጠብቅ የተረከበ ሰው በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት እርሱም ኃላፊ ይሆናል። ተቀጥሮ የሚሠራ ነጂ ግን የሚጠየቀው የራሱ ጥፋት ሲኖር ነው።

ይህ ማለት ግን ባለቤቱ ከተጠያቂነት ወጣ ማለት አይደለም። ተጎጂው ባለቤቱን ከጠየቀና ባለቤቱ ካሣውን ከከፈለ፣ በአንቀጽ 2073 መሠረት ጉዳቱ ሲደርስ ፈረሱን በእጁ ይዞ የነበረውን ሰው መልሶ እንዲተካለት መጠየቅ ይችላል። ይህን ለማድረግ ፈረሱ በዚያ ቀን በማን እጅ እንደነበረ ማስረዳት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፈረሱ የተሰጠበትን ቀን፣ የተከራዩን ስም፣ የሥራውን ዓይነትና የኪራዩን ዘመን የያዘ፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት አጭር ውል መጻፍ ይጠቅማል።

ሕጉ ለባለቤቱ አንድ መውጫ አስቀምጧል። በአንቀጽ 2074 መሠረት የቤት እንስሳ ባለቤት ጉዳት ያደረሰውን እንስሳ ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ወይም እርሱ ኃላፊ በሚሆንለት ሰው ጥፋት ከሆነ ግን ይህ መብት አይሠራም። ተራጋጭ መሆኑ የታወቀን ፈረስ ሰው በሚበዛበት ገበያ ያለ ጠባቂ የተወ ባለቤት «ፈረሱን ውሰዱት» ብሎ ነጻ ለመውጣት ይቸገራል።

ፈረስ እህል ውስጥ ሲገባ

በሲናና በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በገናም በቦናም፣ ይመረታል። በዚህ የተነሣ እርሻው ከሰብል ነጻ የሚሆንበት ጊዜ አጭር ስለሆነ የለቀቁት ፈረስ የሰው ሰብል ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በአንቀጽ 2075 መሠረት ሰብሉ የተበላበት ሰው ለካሣው መያዣ እንዲሆነው እንስሳውን ይዞ ማቆየት ይችላል። ነገር ግን ሳይዘገይ ለባለቤቱ ማሳወቅ፣ ባለቤቱን ካላወቀም ለማግኘት የሚገባውን ሁሉ ማድረግ አለበት። ንብረትን ለመከላከል እንስሳውን መግደል የሚፈቀደው ሁኔታው የግድ ሲያስገድድ ብቻ ነው። በማባረር ወይም በመያዝ ሊመለስ የሚችልን ፈረስ በመጥረቢያ ወይም በጦር መምታት የካሣ ጠያቂውን ራሱን ተጠያቂ ሊያደርገው ይችላል። የወንጀል ሕጉም በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ይቀጣል።

ፈረሱን ማሰር የሚጠቅመው ለጎረቤት ሰብል ብቻ አይደለም። ፈረስ የበላውን ማስመለስ አይችልም። አውድማ ላይ ገብቶ ብዙ ገብስ ወይም ስንዴ በአንድ ጊዜ ከበላ በብርቱ የሆድ ቁርጠት ሊሞት ወይም ሰኮናው ታሞ ለሥራ የማይሆን ሊሆን ይችላል።

በጋሪና በመኪና ሲጓዝ

የባሌ ደጋ መንገዶች በጭጋግ የሚሸፈኑበት ጊዜ ብዙ ነው። ከምሽት በኋላ የሚንቀሳቀስ ጋሪ ከኋላው ቀይ አንጸባራቂ፣ ከፊቱም መብራት ቢኖረው ሕይወት ያድናል። ሌሊት በመንገድ ዳር ፈረስ ማሰርም አደገኛ ነው፤ የገመዱ ርዝመት አስፋልቱ ላይ የሚያደርስ መሆን የለበትም። ከተሞች ጋሪ የሚያልፍባቸውን መንገዶች በደንብ ሊወስኑ ስለሚችሉ ባለጋሪዎች ከከተማው አስተዳደርና ከትራፊክ ፖሊስ አስቀድመው ቢጠይቁ ከቅጣት ይድናሉ።

ፈረስን በአይሱዙ ወይም በሌላ የጭነት መኪና ማጓጓዝ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ወለሉ እንዳያንሸራትት ጭድ ወይም አሸዋ ይደረግበት። ፈረሱ ከመሬት ዘሎ እንዲወጣ ከማስገደድ መኪናውን ከአፈር ክምር ወይም ከተዳፋት ጋር አስጠግቶ መጫን ይሻላል። ገመዱ በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን፤ በጣም ከረዘመ እግር ይጠልፋል፣ በጣም ካጠረ ፈረሱ ሚዛኑን እንዳይጠብቅ ያደርገዋል። ኮርማ ፈረሶች ከሌሎች ተለይተው ይጫኑ። የታመመ፣ የቆሰለ ወይም ለመውለድ የተቃረበ ፈረስ አይጫን። አሽከርካሪው ጉዞው በተጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ቆሞ ጭነቱን ቢመለከት ብዙ አደጋ ይቀራል። ፈረሱ በመንገድ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ማን እንደሚከፍልም ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል።

በሽታም አብሮ ይጓዛል

ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሳነቴ አምባ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ከውርጭ ወደ ቆላ ይገባል። ለደጋ ፈረስ ይህ የአየር ለውጥ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ገዳይ ሕመም የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት በሞቃትና እርጥበት ባለበት ስፍራ ይበዛሉ። የዚህ በሽታ ምልክቶች ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ ያለው ስፍራ ማበጥ፣ የትንፋሽ መቸገርና ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ናቸው። የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለ። የሚመረተውም ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ክትባቱ ኃይል የሚያገኘው ቆይቶ ስለሆነ ከጉዞው ሳምንታት በፊት መሰጠት አለበት።

በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታየው ሌላው በሽታ ንድፍት ነው። በእግር፣ በአንገትና በፊት ላይ ተራ በተራ የሚወጡ እብጠቶች እየፈረጡ ይቆስላሉ። ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚተላለፈው በቁስል፣ በዝንብና በጋራ በሚጠቀሙበት ኮርቻ ወይም የጋሪ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ የአንዱን ፈረስ ዕቃ ለሌላው አለማዋስ፣ የሚያቆስለውን ማሰሪያ በጨርቅ መሸፈንና አዲስ የተገዛን ፈረስ ለጊዜው ለብቻው ማቆየት ይገባል። ቁስሉ ሳይስፋፋ ሕክምና ያገኘ ፈረስ የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው።

ድካምም በሽታን ይጋብዛል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለሥራ ፈረሶች ባወጣው መመሪያ ፈረስ በቀን ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይሠራና በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን እንዲያርፍ ይመክራል።

ጉዳት ከደረሰ ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ የተጎዳው ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይድረስ፤ አደጋው በመንገድ ላይ ከሆነም ለፖሊስ ይነገር። የሰብል ጉዳት ሲሆን ሁለቱም ወገኖች ባሉበት፣ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛና ሽማግሌዎች በዚያው ቀን የተበላውን ስፍራ ቢለኩና ግምቱን ቢጽፉ ክርክሩ ያጥራል። ዝናብ ከመታው ወይም ከታጨደ በኋላ የሚቀርብ ግምት አከራካሪ ይሆናል።

በስምምነት ለመጨረስ ለሚፈልጉ የሀገር ሽማግሌዎች አሉ። የኦሮሚያ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስምምነቱ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ የካሣው መጠንና የሚከፈልበት ቀን ተጽፎ በምስክር ይፈረምበት። ዕርቅ ካልተሳካ መደበኛው ፍርድ ቤት ክፍት ነው። ነገር ግን የካሣ ክስ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ ሽምግልናው ሲራዘም ቀኑን መቁጠር አይዘንጋ።