የቆሼ ልጆችና የጨዋታ ሥፍራ

ስለ ልጆች ጨዋታ በምንጽፍበት ገጽ ስለ ቆሼ መናገራችን ሳያስደንቃችሁ አይቀርም። ነገር ግን በዚያም ልጆች አሉ።

በአገራችን ጨዋታና በዓል ተለያይተው አያውቁም። ጥር 10 ቀን ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጃን ሜዳ የሚወጣው ሕዝብ ይዘፍናል፥ ይጨፍራል፤ ጐበዛዝቱም ሎሚ ይወረውራሉ (ለማን እንደሚወረወር አንባቢ ያውቀዋል)። በዚያ ሜዳ የመግቢያ ዋጋ የሚጠይቅ የለም፤ የባለጸጋውም የድኻውም ልጅ እኩል ይቦርቃል። በሎንዶንም የበርተሎሜዎስ ገበያ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1133 እስከ 1855 ዓ.ም. ድረስ፥ በሐዋርያው በዓል ስም እየቆመ ሕዝቡን ሲያስደስት ኖሯል። የቪየናው ፕራተር ደግሞ የነገሥታት ማደኛ ደን ነበረ፤ ዳግማዊ ዮሴፍ በ1766 ለሕዝብ ከፈተው፤ በ1897 የተሠራበት ታላቅ መንኰራኵርም እስከ ዛሬ ሰው አሳፍሮ ይዞራል። በከተማችንም የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፍቷል፤ የተከፈተው ግን ዋጋ ለሚከፍል ነው።

ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንመለስ። ቆሼ ከሃምሳ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ጥራጊ ሲከመርበት የኖረ ሥፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

በእንደዚህ ያለ መሬት መጫወቻ ይተከል ቢባል ቀልድ ይመስላል። ዳሩ ግን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተከፈተው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፥ ከነመጫወቻዎቹ፥ የቆመው የከተማው አመድ ለብዙ ዘመን ሲደፋበት በኖረ ሜዳ ላይ ነው። ሥፍራው ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው። በዚያን ጊዜ ሰው በጃንጥላ ይወርድበት የነበረው ማማም፥ ዛሬ ማንም ባይወጣበት፥ በኮኒ አይላንድ ባሕር ዳር ቆሟል።

አመድ ግን እንደ ቆሼ ጥራጊ አይደለም። የምግብ ትራፊ ሲበሰብስ እሳት የሚይዝ ጋዝ ይወጣዋል፤ ክምሩም ለብዙ ዓመት ከመስጠም አያርፍም። ስለዚህ በላዩ ከባድ መንኰራኵር አቁሙ አንልም። ከክምሩ ራቅ ባለ ጽኑ መሬት ላይ ግን ጥቂት ዥዋዥዌ፥ መንሸራተቻና የኳስ ሜዳ ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጉዳዩ የሚመለከታችሁ ሹማምንት ይህን ካሰባችሁበት፥ እንደ ጃን ሜዳው ሁሉ በበሩ ላይ ቲኬት ቈራጭ ባይቀመጥበት እንወዳለን።